ሁለት ክራንቻ በአንድ ቦታ፦ የትንሽ ውሻችሁ የወተት ጥርስ አልወልቅ ሲል

ቤታችሁ ከአራት እስከ ሰባት ወር የሆነው ትንሽ ቡችላ ካለ፣ ማልቴዝ ይሁን ዮርኪ፣ ፑድል ይሁን ቺዋዋ፣ ንባቡን ከመቀጠላችሁ በፊት አንድ ነገር ሞክሩ። ከንፈሩን በጎን በኩል ቀስ ብላችሁ ገለጥ አድርጉና ክራንቻውን እዩት። ከላይም ከታችም፣ በግራም በቀኝም አንድ አንድ ክራንቻ ብቻ ካለ ጥሩ ነው። አንዱ ቀጭንና ሹል፣ ሌላው ወፈር ያለ ሆነው ሁለት ክራንቻዎች ጎን ለጎን ቆመው ካገኛችሁ ግን ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ቀጭኑ የወተት ጥርሱ ነው። መውለቅ ሲገባው አልወለቀም።

«ቆይ፣ በራሱ ይወልቃል» የሚለው ምክር ከጎረቤትም ከሻጭም ይመጣል። ለፊት ጥርስ፣ ያውም ለሚነቃነቅ ጥርስ፣ አንዳንዴ ይሠራል። ጠንክሮ ለቆመ ክራንቻ ግን መጥፎ ምክር ነው፣ ምክንያቱም እናንተ ስትጠብቁ አዲሱ ጥርስ አይጠብቅም። በተሳሳተ ቦታ ማደጉን ይቀጥላል።

መጀመሪያ ነገሩ በጤናው ሲሆን እንዴት እንደሚሄድ እንይ። ቡችላ ያለ ጥርስ ይወለዳል። ሦስት ሳምንት ገደማ ሲሆነው የወተት ጥርሶቹ ብቅ ብቅ ይላሉ፣ ሁለት ወር ሲሞላው 28ቱም ወጥተው ያልቃሉ፦ 12 የፊት ጥርሶች፣ 4 ክራንቻዎችና 12 የጎን ጥርሶች። ከሦስትና አራት ወር ጀምሮ ደግሞ መቀየር ይመጣል። የፊቶቹ ይቀድማሉ፣ ክራንቻዎቹ አምስትና ስድስት ወር ላይ ይከተላሉ፣ የኋላ መንጋጋዎቹ ሰባት ወር እስኪሞላው ድረስ ሊቆዩ ይችላሉ። በመጨረሻ 42 ጥርስ ይኖረዋል። ጭማሪዎቹ 14 ጥርሶች የወተት ቀዳሚ የላቸውም፣ አንዴ ነው የሚበቅሉት።

ይህ 42 የሚለው ቁጥር ነው የትንንሽ ውሾች ጣጣ ዋና መነሻ። 35 ኪሎ የሚመዝነው ጀርመን ሸፐርድ 42 ጥርስ አለው፤ ሁለት ኪሎ የማትሞላዋ ቺዋዋም 42 አላት። ሰው በምርጫ እያዳቀለ ውሻውን ሲያሳንሰው አፉ አነሰ፣ ጥርሶቹ ግን ቁጥራቸው አልቀነሰም፣ መጠናቸውም የአገጩን ያህል አላነሰም። ውጤቱ ማታ ሰው ሲበዛ ረዳቱ «ጠጋ ጠጋ በሉ» እያለ የሚጭነው ሚኒባስ ነው። ጥርሶቹ ይደራረባሉ፣ ይዞራሉ፣ በመሃላቸው ምግብ ይቀረቀራል። በዚህ መጨናነቅ ላይ ያልወለቀ የወተት ጥርስ ሲጨመር ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

የወተት ጥርስ በራሱ ጊዜ የሚወልቀው ሥሩ ስለሚጠፋ ነው። የሚተካው ቋሚ ጥርስ ከአጥንቱ ውስጥ ሲያድግ ወደ ወተት ጥርሱ ሥር ይጠጋል። በዚያ መጠጋት ምክንያት የቡችላው የራሱ የሰውነት ሴሎች የወተት ጥርሱን ሥር ቀስ በቀስ እየበሉ ያሟሙታል። ሥር ያጣ ጥርስ ይላላል፣ ከዚያ ምግብ ሲበላ ወይም መጫወቻ ሲጎትት ይወድቃል። አብዛኛውን ጊዜ ቡችላው ስለሚውጠው ባለቤቱ አያየውም፤ መዋጡም ችግር የለውም። ምንጣፍ ላይ ትንሽ ጥርስ ወይም መጫወቻው ላይ ጠብታ ደም ካገኛችሁ አትደንግጡ።

ቋሚው ጥርስ ትንሽ አቅጣጫውን ስቶ ከበቀለ ግን የወተት ጥርሱን ሥር አያገኘውም። ያልተነካ ሥር አይሟሟም። ስለዚህ ሁለቱም ይቆማሉ። አንዳንዴ ደግሞ ከሥር ጭራሽ ቋሚ ጥርስ የለም፣ ሳይፈጠር ቀርቷል፤ ወደዚህ እመለሳለሁ። ነገሩ በዘር የሚተላለፍ ጎን እንዳለው ይታመናል፤ ዮርኪ፣ ማልቴዝ፣ ፖሜራኒያን፣ ቺዋዋ፣ ትንሹ ፑድልና ዳክስሁንድ ላይ በብዛት የሚታየውም በከፊል ለዚህ ነው። ከሁሉም ጥርስ ብዙ የሚያስቸግረው ክራንቻ ነው፣ የፊት ጥርሶች ይከተላሉ።

የእንስሳት ጥርስ ሐኪሞች የሚመሩበት ደንብ አጭር ነው፦ አንድ ዓይነት ሁለት ጥርስ በአንድ ጊዜ አንድ ቦታ ላይ መኖር የለበትም። አዲሱ ጥርስ ድዱን ቀዶ ሲወጣ አሮጌው ወልቆ ወይም በደንብ እየተነቃነቀ መሆን አለበት። የሚነቃነቅ ከሆነ ጥቂት ቀናት ጠብቁት፣ ለስላሳ ነገር እንዲያላምጥ ስጡት፣ ሊወልቅ ይችላል። በጣት ነካ ስታደርጉት ንቅንቅ የማይል ከሆነ ቀጠሮ ያዙ።

ለምን ይህ ሁሉ ጥድፊያ? አዲሱ ክራንቻ የት በኩል እንደሚወጣ ካያችሁ ይገባችኋል። የታችኛው ቋሚ ክራንቻ ከወተት ጥርሱ በውስጥ በኩል፣ ማለትም በምላስ በኩል ነው የሚበቅለው። የወተት ጥርሱ ቦታውን ካለቀቀ አዲሱ ወደ ውጪ ዘመም ማለት አይችልም። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይሄድና ውሻው አፉን በዘጋ ቁጥር ጫፉ ላንቃውን ይወጋዋል። መጀመሪያ ላንቃው ላይ ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ ትታያለች፤ እየቆየ ቁስል ይሆናል፣ ሲብስ ወደ አፍንጫ የሚያልፍ ቀዳዳ ሊከፈት ይችላል። ውሻው ሕመሙን ደብቆ መብላቱን ስለሚቀጥል ደግሞ «ደህና ነው፣ ይበላል እኮ» እንላለን። መብላት የደህንነት ምልክት አይደለም። የራበው ውሻ ጥርሱ እያመመውም ይበላል።

የላይኛው ክራንቻ ታሪክ ሌላ ነው። እሱ ከወተት ጥርሱ በፊት ለፊት ነው የሚወጣው። አሮጌው ከኋላው ቆሞ ሲቀር አዲሱ ወደ ፊት ይገፋና የታችኛው ክራንቻ አፍ ሲዘጋ የሚያርፍባትን ክፍተት ይይዝበታል። ማለትም አንድ የላይ ጥርስ ባለመውለቁ የታቹም ቦታ ያጣል። የፊት ጥርሶችም ቋሚዎቹ ከወተቶቹ በስተኋላ ስለሚወጡ፣ አሮጌዎቹ ካልወለቁ ሁለት ረድፍ የፊት ጥርስ ያለው ቡችላ ታያላችሁ። ፎቶ ላይ ያስቃል። ለድዱ ግን አያስቅም።

በጊዜ ከተነቀለ ጥሩ ዜና አለ። አዲሱ ጥርስ ገና እያደገ ሳለ መንገዱ ከተከፈተለት ብዙ ጊዜ በራሱ ወደ ቦታው ይመለሳል። አድጎ ከጨረሰና አጥንቱ ከያዘው በኋላ ግን የወተት ጥርሱን መንቀል ብቻውን አያስተካክለውም። ያኔ ማስተካከያ ብረት፣ ጥርሱን ማሳጠር ወይም ቋሚውን ራሱን መንቀል የሚሉ ወሬዎች ይመጣሉ፤ እነዚህ ደግሞ ባለሙያቸው በየቦታው አይገኝም፣ ዋጋቸውም አይቀመስም። «ስድስት ወር ሲሞላው፣ እንዳይወልድ በቀዶ ሕክምና ሲመከን፣ በዚያው ማደንዘዣ ይነቀልለታል» የሚለው አሠራር የተለመደ ነው፣ ጊዜው ከገጠመ እኔም እመርጠዋለሁ፤ አንድ ማደንዘዣ ከሁለት ይሻላል። ነገር ግን ክራንቻው አምስት ወር ላይ ወጥቶ ላንቃውን መውጋት ከጀመረ የማምከኛውን ቀን መጠበቅ ትርጉም የለውም።

እቤት በፒንሳ ወይም በክር ልንቀለው ያላችሁ ካላችሁ፣ በፍጹም። የወተት ክራንቻ ከድድ በላይ የምታዩት ትንሹ ክፍል ነው። ሥሩ ከዚያ በብዙ ይረዝማል፣ ቀጭንና የተቆለመመ ነው፣ በቀላሉም ይሰበራል። የተሰበረ ሥር ውስጥ ከቀረ ሊመረቅዝ ይችላል፣ አዲሱንም ጥርስ ማገዱን ይቀጥላል። ከዚህ በላይ የሚያሳስበው ደግሞ ቋሚው ጥርስ ከዚያው ሥር አጠገብ መሆኑ ነው። በግድ ሲጎተት የሚጎዳው እሱ ነው፣ እሱ ከተጎዳ ደግሞ ምትክ የለውም።

ክሊኒክ ስትደውሉ «ጥርስ ትነቅላላችሁ?» ብቻ አትበሉ። የጥርስ ራጅ አላቸው ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ከመንቀሉ በፊት የሚነሣው ራጅ ከሥር ቋሚ ጥርስ መኖር አለመኖሩን ያሳያል፤ በኋላ የሚነሣው ሥሩ በሙሉ መውጣቱን ያረጋግጣል። ከሥር ምንም ከሌለ፣ የወተት ጥርሱም ጤነኛ ከሆነ፣ ሐኪሙ እንዲቆይ ሊወስን ይችላል፣ ባዶ ከመቅረት የወተት ጥርስም ይጠቅማልና። የጥርስ ራጅ ሁሉም ክሊኒክ ውስጥ የሚገኝ ዕቃ አይደለም። አገር ቤት ያላችሁ ሐኪማችሁ እንዲልካችሁ የምትጠይቁበት አንዱ ቦታ ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምናና ግብርና ኮሌጅ ነው፤ የማስተማሪያ ሆስፒታል አለው። ከመሄዳችሁ በፊት ግን ደውላችሁ የምትፈልጉት አገልግሎት በዚያ ወቅት መኖሩን አረጋግጡ።

ማደንዘዣ የብዙ ሰው ፍርሃት ነው፣ ይገባኛልም። ሁለት ኪሎ የምትመዝን ፍጡር ጠረጴዛ ላይ ተኝታ ማሰብ ያስጨንቃል። ፍርሃቱን ወደ ጥያቄ ቀይሩት፦ ቀድሞ የደም ምርመራ ይደረግላታል? በደም ሥር ፈሳሽ ትወስዳለች? ሙቀቷ፣ የልብ ምቷና ኦክስጅኗ በመሣሪያ ይታያል? ማን ነው የሚከታተላት? ትንንሽ ውሾች ሙቀት ቶሎ ያጣሉ፣ ስለዚህ የሚሞቁበት ነገር ያስፈልጋል። ሌላው ሰው የሚዘነጋው ጉዳይ ጾም ነው። አዋቂ ውሻ ከቀዶ ሕክምና በፊት ሌሊቱን ሳይበላ ሊያድር ይችላል። ትንሽ ዝርያ ቡችላ ግን ጉልበት የሚያከማችበት ሰውነት የለውም፣ ረጅም ሰዓት ካልበላ የደሙ ስኳር ይወርድና ሊንቀጠቀጥና ሊዝለፈለፍ ይችላል። «ስንት ሰዓት ላይ የመጨረሻ ምግብ ልስጠው?» ብላችሁ ለይታችሁ ጠይቁ፣ መልሱ ለትልቅ ውሻ ከሚሰጠው የተለየ መሆን አለበት።

ከተነቀለ በኋላ ለአንድ ሳምንት ያህል፣ ወይም ሐኪሙ እንዳለው፣ ምግቡን አለስልሱለት፣ ጨርቅ መጎተቻ ጨዋታውን አቁሙ፣ ደረቅ ማኘኪያውን ደብቁ። የታዘዘውን ማስታገሻ አስጨርሱት። እቤት ካለው መድኃኒት ግን አትስጡ። አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክ ለእኛ የራስ ምታትና የወገብ ሕመም ይሆናሉ እንጂ የውሻ ጨጓራንና ኩላሊትን የሚጎዱ ናቸው፣ በሁለት ኪሎ ሰውነት ላይ ደግሞ አንዲት ፍሬ ትበዛለች።

የወተት ጥርስ ሲሰበርም ዝም አይባልም። «ምን ችግር አለው፣ የሚወድቅ ጥርስ ነው» ይላሉ። የተሰበረው ጥርስ መሃሉ ላይ ቀይ ወይም ጥቁር ነጥብ ከታየ ነርቭና ደም ሥር ያለበት ክፍል ተከፍቷል ማለት ነው። ጀርም በዚያ ገብቶ ወደ ታች ይወርድና ከሥር የሚያድገውን ቋሚ ጥርስ ያበላሻል። ይህም ይነቀላል።

ስለ መንከስ በአጭሩ። ጥርስ በሚቀየርበት ጊዜ ድዱ ስለሚያሳክከው ቡችላው ያገኘውን ሁሉ ይነክሳል፣ ጫማ፣ የወንበር እግር፣ የልጆች ጣት። አትምቱት፣ የሚያኝከው ነገር ስጡት፤ ውኃ ነክራችሁ ፍሪዘር ውስጥ ያቀዘቀዛችሁት ጨርቅ፣ እናንተ አጠገቡ እያላችሁ፣ ድዱን ያስታግስለታል። ይሁንና የእብድ ውሻ በሽታ ባለበት አገር የምትኖሩ ከሆነ፣ ኢትዮጵያም አንዷ ናት፣ የቡችላ ንክሻ ጨዋታ ብቻ አይደለም። የመጀመሪያው የእብድ ውሻ ክትባት አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ወር ላይ ይሰጣል፣ ጥርስ መቀየር ከሚጀምርበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። ሳይከተብ ነክሶ ቆዳ ከቀደደ፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ እጠቡና ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ሂዱ።

አሁን ወደ ዕለታዊው እንክብካቤ። የውሻ አፍ ይሸታል፣ ተፈጥሮው ነው የሚባል ነገር አለ። አይደለም። የሚሸተው ጥርስና ድድ መሃል የሚራባው ጀርም ነው። ምግብ ከተበላ በኋላ ጥርስ ላይ ስስ የሚያጣብቅ ሽፋን ይፈጠራል፤ ይህን ሽፋን ብሩሽ በቀላሉ ይጠርገዋል። ከተተወ በጥቂት ቀናት ውስጥ በምራቅ ውስጥ ባለው ማዕድን ይጠነክርና ቡናማ ጠጠር ይሆናል፣ ከዚያ በኋላ ብሩሽ አይበግረውም። ጠጠሩ ከድድ በታች ሲወርድ ጥርሱን የያዘው አጥንት እየሳሳ ይሄዳል። የትንንሽ ውሾች የታች አገጭ መጀመሪያውኑ ቀጭን ነው፣ ትልቁ የታች መንጋጋ ደግሞ ሥሩ አብዛኛውን የአጥንቱን ቁመት ይይዛል። ለዓመታት ችላ የተባለ አፍ ያለው ትንሽ ውሻ ከሶፋ ሲዘል አገጩ የሚሰበርበት ጊዜ አለ። ማጋነን እንዳይመስላችሁ፣ ሐኪሞች የሚያውቁት ነገር ነው።

ጥርስ በሚቀይርበት ወራት ግን በብሩሽ አትፈትጉት። ድዱ ቁስል ስለሆነ ብሩሽን ከሕመም ጋር ያያይዘዋል፣ ከዚያ ዕድሜ ልኩን አያስነካችሁም። በእነዚህ ወራት ሥራችሁ ማለማመድ ነው። ከንፈሩን ግለጡ፣ ጥርሱን በጣታችሁ ነካ አድርጉ፣ የሚወደውን ነገር ቆረስ አድርጋችሁ ስጡት፣ በቃ። ቋሚዎቹ ሲወጡና ድዱ ሲረጋ በሕፃናት ለስላሳ ብሩሽ ጀምሩ። አፉን በግድ መክፈት አያስፈልግም፣ በከንፈሩ ስር አሾልካችሁ የጥርሱን የውጪ ጎን፣ በተለይ ድዱ ጋ የሚገናኝበትን መስመር፣ ክብ ክብ እያደረጋችሁ ቦርሹ። በየቀኑ ቢሆን ጥሩ ነው፣ በሳምንት አንዴ ግን የለፋችሁበትን ያህል አይጠቅምም።

የእኛን የጥርስ ሳሙና አትጠቀሙ። ውሻ አይተፋም፣ ይውጣል። ፍሎራይዱም አረፋውም ሆዱን ይረብሸዋል፣ ዛይሊቶል የሚባለው ማጣፈጫ ያለበት ከሆነ ደግሞ የደሙን ስኳር አውርዶ፣ ጉበቱንም ጎድቶ ሊገድለው ይችላል። የውሻ የጥርስ ሳሙና ካላገኛችሁ በውኃ ብቻ ቦርሹ፤ ዋናው ሥራ የብሩሹ ነው።

የሚታኘክ ነገር ስትመርጡ በጥፍራችሁ ጫን በሉት። ጥፍራችሁ ምልክት የማይተውበት ነገር ለጥርስ ጠንካራ ነው፦ የከብት አጥንት፣ ቀንድ፣ ሰኮና፣ ድንጋይ። ትልቁ የላይኛው የጎን ጥርስ በዚህ ነው የሚሰነጠቀው። የበዓል ማግስት አጥንት መጣል ልማዳችን እንደሆነ አውቃለሁ፣ ውሻውም ዓይን ዓይናችንን እያየ ሲለምን አንጀት ይበላል። ግን የዶሮ ወጥ አጥንት ሲሰበር ስለታም ስንጥር ነው፣ ላዩ ላይ የቀረው ሽንኩርትም ለውሻ ደም መርዝ ነው። ማፋቂያ ስጡት የሚሉም አጋጥመውኛል። እንጨት ይሰነጠራል፣ ስንጥሩም ድድና ጉሮሮ ይወጋል። ማፋቂያውን ለራሳችሁ። አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ የእንስሳት የአፍ ጤና ምክር ቤት የሚሰጠው ቪ ኦ ኤች ሲ የሚል ማኅተም ያለበትን ማኘኪያ ፈልጉ፤ ምርቱ ጠጠርን ወይም ሽፋኑን እንደሚቀንስ በሙከራ ማስረጃ የቀረበበት ነው።

እዚያው አሜሪካ ፀጉር የሚቆርጡ ቤቶች ጭምር «ያለ ማደንዘዣ ጥርስ እናጸዳለን» ይላሉ። የሚታየውን ጠጠር ይፍቁታል፣ ጥርሱ ነጭ ሆኖ ይወጣል፣ ባለቤቱ ይደሰታል። በሽታው ያለው ከድድ በታች ነው፣ ነቅቶ የሚታገል ውሻ ደግሞ እዚያ ድረስ አያስገባም። ገንዘቡን ለእውነተኛው ማጽዳት አጠራቅሙት። የአሜሪካ የእንስሳት ሆስፒታሎች ማኅበር በ2019 መመሪያው ትንንሽና መካከለኛ ዝርያ ውሾች አንድ ዓመት እስኪሞላቸው የመጀመሪያውን የጥርስ ምርመራና ማጽዳት በማደንዘዣ እንዲያገኙ ይመክራል፤ ለትልልቆቹ እስከ ሁለት ዓመት ይፈቅዳል። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ አሁን ታውቃላችሁ።

ሰባት ወር ሲሞላው ጥርሶቹን ቁጠሩ፣ ወይም ሐኪሙ እንዲቆጥር አድርጉ። የጎደለ ካለ «አልበቀለም» ብላችሁ አትለፉት። ጥርሱ ከነጭራሹ ላይኖር ይችላል፣ ያ ምንም አይደለም። ግን ድድ ውስጥ ተቀብሮ ቀርቶ ከሆነ በዙሪያው ፈሳሽ የያዘ ከረጢት ሊፈጥርና በዝምታ የአገጩን አጥንት ሊበላ ይችላል፤ አፍንጫቸው አጭር በሆኑት እንደ ሺህ ትዙና ፐግ ባሉት የታችኛው የመጀመሪያ የጎን ጥርስ ላይ በተደጋጋሚ ይታያል። የሚለየው ራጅ ብቻ ነው። የወተት ጥርሱ ሳይወልቅ ቀርቶ የተነቀለለትን ውሻ ደግሞ ለዘር አታውሉት፤ ቡችላ ልትገዙ ስትሄዱም የእናትና የአባቱን ፎቶ ከማድነቅ አፋቸውን ከፍተው እንዲያሳዩዋችሁ ጠይቁ።